በሩ ላይ የተጻፈው

ከመሐል ሜዳ ገበያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣
አንድ ረዥም እንጨት ቆሟል፣ ጣሳ ባናቱ አንጠልጥሎ።
ጣሳው ምልክት ነው፤ ላገሩ ሰው ይበቃል፣
ጠማኝ ያለ ሁሉ እሱን አይቶ ያውቃል፤
ማን ጠመቀ፣ ማን ጨረሰ፣ የማን ጠላ ነው ገና፤
ጣሳው የወረደ ለት፣ በሉ እደሩ በጤና።

ሰውዬው ግን እንግዳ ነው፥ ካየርላንድ የመጣ፣
ጓሳ ጭላዳ ሲቆጥር ሰንብቶ፣ ውርጭ ሲበረታ የወጣ፤
አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ጆሮው በብርድ ቀልቶ የቀላ፣
«የት ነው የሚጠጣው?» አለኝ፤ «የትስ ነው የሚበላ?»
እኔም ጡረተኛ አስተማሪ፣ እንግሊዝኛዬ አንካሳ፣
መልስ አልሰጠሁትም፤ አሳየሁት ጣሳ።

ወርቅያንጥፉ ቤት ገባን፣ ጎንበስ ብለን በበሩ፤
መደቡ ላይ ባና ለብሰው ሰዎች ተደርድረው ነበሩ።
«ስሙ ማን ነው?» ጠየቁኝ። «ፊንታን» ብዬ ነገርኳቸው፤
«ፈንታሁን በለና!» አሉኝ፤ ስም ለማውጣት ማን ቀድሟቸው።

ቀዳችለት፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የገብስ ጠላ፣
መጀመሪያ በመዳፏ ቀምሳ፣ ለእንግዳው ኋላ።
አንዴ ተጎነጨና ዓይኑን ጨፈነ ሰውዬው፤
«ቆይ» አለኝ፤ «አውቀዋለሁ፤ ያረረ ገብስ ጠረኑ ነው የሚለየው።
እኛም አገር ገብስ ይቆላል፣ ጥላሸት እስኪመስል ጠቁሮ፣
አናቱ ላይ ነጭ አረፋ ይቀመጣል ዙሮ።»
ይህን ስተረጉም ሳቀ ሸዋቀና፣ ሸማኔው፣ ከጥጉ ቦታ፤
«ካባው ጥቁር፣ ጥምጥሙ ነጭ? ይሄማ መጠጥ አይደል፣ መሪጌታ!»

ማታ ማታ፣ አለን፣ አንዱ ማሲንቆ መሳይ ይገዘግዛል፤
ሁሉም በየተራው ለሁሉም፣ ዙር ቆጥሮ ያዛል።
ዳቧቸው ባሬራ ይቦካል። ወርቅያንጥፉ «ይሁን» አለች።
በጋቸው ከድንችና ከካሮት ጋር ይንተከተካል። «ደግ» አለች።
«በርበሬስ?»
«የለም።»
«ጭራሽ?»
«ጭራሽ።»
ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «እግዜር ያጥናቸው» አለች።

ቆሎ መጣ፤ ድንችም መጣ፣ ከነልጣጩ በስሎ።
ፈንታሁን አንዱን አነሣ፤ ቆየ ምንም ሳይል፣ በመዳፉ አዝሎ።
«ይሄ» አለኝ፣ «ባንድ ዘመን ካፈር ሳይወጣ ሸተተ፤
ከሱ ጋራ የመንደሬ እኩሌታው አብሮ ሞተ።
የቀረው በመርከብ ሄደ። ቤቶቹ ዛሬም አሉ፣
ጣሪያ የላቸውም እንጂ፤ በግ ይውልባቸዋል ሁሉ።»

እንዴት ልተርጉመው? እንግሊዝኛዬ አልነበረም ያነከሰው፣
አማርኛዬ ነበር። «ክፉ ቀን» ብዬ ዝም አልኩ። ገባው ሁሉም ሰው።
ማንም የትኛው ብሎ አልጠየቀኝ።
ሸዋቀና የሰባ ሰባት ልጅ ነው፤ ስንት ወንድም እንደነበረው አይናገርም።
ወርቅያንጥፉ ተነሣች። የጎደለውን ሞላች፤
ያልጎደለውንም ሞላች።

ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «በኛ አገር ከበሩ በላይ፣ በቀለም፣
ይጻፋል የባለቤቷ ስም። እዚህ በር ላይ ለምን የለም?»
በማግስቱ ጠዋት መጣ፣ አረንጓዴ ቀለም ይዞ፣
ፊደል ደብተር ላይ ሲጽፍ አድሮ፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ።

በሩ ጠባብ፣ የሴትዮዋ ስም ረዥም፤
ብሩሹ ጠርዝ ደረሰ፣ ስሙ ግን አላለቀም።
ላይኛው መስመር «ወርቅያን» ብሎ ጫፉ ላይ ቆመ፤ ምን ያድርግ?
ሁለት ፊደል ተርፎታል፤ ዝቅ አድርጎ ጻፋቸው፣ በወግ በማዕረግ፦
ጥፉ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊደል ያረምኩ፣
ያን ቀን ቀዩ እስክሪብቶዬ የት እንደገባ እንጃ፤ ዝም አልኩ።
እሷ ግን በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምራለች፤
አየችው፤ ደግማ አየችው፤ በሩን ተደግፋ ሳቀች፣
እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ሳይገባው።
አልነገርነውም። ሸኘነው፤ ጭኮ አስይዛ፣ አቅፋ ስማው።

ክረምት ገባ። ከጓሳ ክዳኑ የሚወርደው ጠፈጠፍ
ላይኛውን መስመር ሲልሰው ከረመ።
ወርቁን ዝናብ ወሰደው፤ ሰሙ በሩ ላይ ቆመ።

ትናንት ማታ አንድ ሾፌር በሩን አነበበና፣ ሊመለስ ቃጣ።
ከውስጥ ሆና ጠራችው፦
«እሱ ለውርጩ ነው የተጻፈው፤ አንተ ግባና ጠጣ።»